አራት ክንድ

ከስታዲየም ጀርባ፣ ከጥግ ካለው ሱቅ ውስጥ፣
መስታወት ለብሶ ቆሟል እንደ ሙሽራ ጌጥ።
ጥቁር ነው፤ ያበራል፤ ሁለት እጅ አለው፤
ገመድ ግን የለውም፣ ማንም አላሰረው።

«ስንት ነው?» አልኩት፣ የማልገዛ መስዬ።
«ስድስት ሺህ ተኩል፤ ላንተ ነው፣ ጌታዬ።»
ሙኽታር ይባላል፤ ልጅ ነው፣ ጢሙ ያልጠና።
«ሶፋህ ላይ ተጋደም፤ ካሰኘህ ኩሽና፤
ካልጋህ ሳትወርድ ግብ...»
(አልጋዬም ኩሽናዬም አንድ ክፍል ናቸውና
ይሄኛው ምክንያት አልገፋኝም ገና።)
«አንዴ ቻርጅ ካረግከው ስምንት ሰዓት ይሄዳል፤
በገመድ የሚጫወት ማን ቀረ፣ ወንድሜ? ዘመን እኮ ይነጉዳል።»

የታክሲዬን ልቆጥብ በለገሃር በኩል በእግሬ እያዘገምኩ
አሰላሁ፤ ደመርኩ፤ ቀነስኩ፤ ደግሜ ቀነስኩ።
የቤት ኪራይ ወጥቶ፣ ዕቁቡ ተጥሎ፣
የሚተርፈኝ ብር፣ ከኪሴ ተንጠልጥሎ፣
አንደኛውን እጁን ቢገዛ ነው እንጂ
ለሁለተኛው እጅ የለኝም አበዳሪ፣ የለኝም ወዳጅ።

ደግሞስ መብራት አለ! በሳምንት ሁለቴ
ድርግም ይላል ቤቴ።
ቻርጅ ያላረግኩ ዕለት ምን ሊሆነኝ ታዲያ?
የስድስት ሺህ ብር የመደርደሪያ ማሳመሪያ።
ትንሽ እንደሄድኩ ግን አንድ ነገር ገባኝ፦
መብራት ከጠፋማ ቴሌቪዥኑስ በምን? ሳቄ አሸነፈኝ፤
ሎተሪ አዟሪዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ይዘገያል ይላሉ የፕሌይስቴሽን ቤት ልጆች፤
ጣት «ምታ» ብሏት እንኳ ኳሷ ታስባለች።
የዓይን ጥቅሻ ታህላለች መዘግየቷ፣ ምንም አይደለች።
ስንት ነገር ዘግይቶብኝ ችዬ የለም እንዴ?

የኔው አሮጌ ግን ገመድ አለው።
አራት ክንድ፤ እሱም በደንብ ያልሞላ፤
ከአንገቱ ሥር ተልጦ በፕላስተር የታሰረ፤
ሲጣመም የሚሠራ፣ ሲቃና የሚቆም
(እንዲህ ያለ ሰውም አውቃለሁ፤ አሁን ስሙን አልጠራም)።

ዓርብ ማታ መክብብ ይመጣል።
ከኔ በሦስት ዓመት ያንሳል፣ በቁመት ይበልጠኛል።
«እንዴት ነህ?» «ደህና።» ከዚህ አያልፍም ወሬያችን፤
የፒያሳው ቤት ከፈረሰ ጀምሮ፣ የአባታችን።
«ካሣ ከፈሏችሁ?» ይሉናል ጎረቤት የነበሩ።
አዎ። ካሣው ከፈለን።

ግን ዓርብ ማታ፣ ገመዱ አጭር ስለሆነ፣
ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም።
ወለል ላይ ነን፤ ጉልበት ለጉልበት፣ ትከሻ ለትከሻ፤
የካልሲው ሽታ፣ የማስቲካው ድምፅ፣ ሁሉም ቅርብ ነው።
ግብ ሲያገባብኝ በክርኑ ጎኔን ይጎሽመኛል፤
«አየህ?» ይለኛል።
አንድ ቃል ናት፤ እስከ መጪው ዓርብ ትበቃኛል።

ስንጨርስ ገመዶቹ ተጠላልፈው ይገኛሉ፣ የሱና የኔ፤
አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን እኔ፤
ሳንተያይ እንፈታለን።
አምስት ደቂቃ ይፈጃል።
አንዳንዴ፣ ወደ ሽንት ቤት ሲወጣ፣
አንድ ቋጠሮ እጨምርበታለሁ።

ገመድ አልባው ቢገባስ?
እሱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ በሩ ሥር፤
እጁን ወደ ጎን ቢሰድ የማይደርስብኝ፤
ሁለት ሰዎች፣ ማንም ያላሰራቸው።

ዛሬ ተመለስኩ። ሐሙስ ነው፤ ይዘንባል።
ሙኽታር ሲያየኝ ካርቶኑን ማውረድ ጀመረ።
«ባለ ገመድ የለህም?»
ፊቱ ትንሽ ወደቀ፣ ወዲያው ተነሳ፤ ነጋዴ ነው።
«አለ እንጂ! ሦስት ሜትር፣ ረጅሙ፣
ከየትም ሆነህ የምትጫወትበት።»
«አጠር ያለ ነበር የፈለግኩት።»
«አጠር ያለ?»
«አዎ።»
የቀለድኩበት መስሎት ጠበቀ። አልቀለድኩም።
ራሱን እየነቀነቀ ጓዳ ገባ፤
ካርቶን ሲገለበጥ፣ ካርቶን ሲወድቅ ይሰማኛል፤
እኔ ጥጉን ይዤ ዝናቡን አያለሁ።